ኮምፒዩተር ባለቤቱን እንዴት ያውቃል?

ማታ በር ሲንኳኳ ከውስጥ «ማን ነው?» ይባላል። በውጭ ያለውም ብዙውን ጊዜ ስሙን ሳይጠራ «እኔ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ነገሩን አጥብቆ ለመረመረው ሰው ይህ ከቶ መልስ አይደለም፤ ሌባም ቢሆን «እኔ ነኝ» ከማለት የሚያግደው የለምና። ዳሩ ግን በዚህ መልስ በአገራችን ስንት በር ሲከፈት ኖሯል! በሩን የሚያስከፍተው ቃሉ ሳይሆን ድምፁ ነው። የቤቱ ሰው ድምፁን ለየ ማለት ሰውየውን ዐወቀ ማለት ነው።

በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ የምትገኘው ባንኮ ጎቲቲ፣ በቡናዋ ምክንያት ስሟ ባሕር የተሻገረ የደጋ ቀበሌ ናት። ብዙ ኢትዮጵያውያን ስሟን ሳይሰሙ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ቡና የሚቈሉ ነጋዴዎች በከረጢታቸው ላይ ይጽፉታል። እንዲህ ባለ ቀበሌ ሰውን ለማወቅ ወረቀት አያስፈልግም። ሶንጎ በሚባለው የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር በሚያዩበት ሥፍራ ባለጉዳይ ሲቆም፣ «ይህ ሰው በእውነት እርሱ ራሱ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አባቱን የሚያውቁ፣ ሲወለድ የነበሩ፣ እርሻውን የሚያዋስኑ ሰዎች በዙሪያው ተቀምጠዋል።

ይኸው ሰው ቡናውን ሽጦ፣ ገንዘቡ በባንክ ወይም በስልኩ ሲገባለት ግን ነገሩ ይለወጣል። ከፊቱ ያለው መሣሪያ አባቱን አያውቅም፤ ድምፁን አይለይም፤ ይሉኝታም የለውም። ስለዚህ ሁልጊዜ፣ ትናንት የመጣውንም ሰው ቢሆን፣ እንደ እንግዳ ቈጥሮ «ማን ነህ? ማስረጃህስ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅና መልሱ እንዴት እንደሚመረመር ማወቅ፣ ዛሬ ለተማሪም ለመንግሥት ሠራተኛም የሚጠቅም ዕውቀት ነው፤ ሳያውቁት የቀሩ ሰዎች ገንዘባቸውንም መልካም ስማቸውንም አጥተዋልና።

የይለፍ ቃል ከየት መጣ?

«የይለፍ ቃል» የሚለው ስያሜ ራሱ ነገሩን ይገልጸዋል። «ይለፍ» ማለት ተፈቅዶለታልና አታቁሙት ማለት ነው። ልማዱም ጥንታዊ ነው። የሮማ ሠራዊት ለየሌሊቱ የሚወሰነውን ቃል በትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከክፍል ወደ ክፍል ያስተላልፍ እንደ ነበር ፖሊቢዮስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ መዝግቦታል። ቃሉን የተናገረ ወዳጅ ነው፤ ያልተናገረ ጠላት ነው። ዘበኛው የሰውየውን መልክ ማየት አያሻውም ነበር።

በኮምፒዩተር ላይ ይህ ልማድ የገባው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያን ዘመን አንድ ኮምፒዩተር አንድ ትልቅ ክፍል ይሞላ ነበር፤ ዋጋውም እጅግ ከባድ ስለ ነበረ አንድ ሰው ለብቻው ሊይዘው አይችልም። በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፈርናንዶ ኮርባቶ የተባለው ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በአንድ ኮምፒዩተር እንዲሠሩ የሚያስችል ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለ ሥርዓት አዘጋጀ፤ በ1961 ዓመትም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አሳየ። ብዙ ሰው አንድ መሣሪያ ሲጋራ የእገሌን ሥራ ከእገሌ ሥራ መለየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ተሰጠው።

ወዲያውም ቃሉ ተሰረቀ። የሰረቀውም ሽፍታ ሳይሆን ተማሪ ነበር። አላን ሼር የተባለው የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ በኮምፒዩተሩ እንዲሠራ ተፈቅዶለት ነበር፤ ይህም ለምርምሩ አልበቃውም። በ1962 የጸደይ ወራት፣ የሁሉም ሰው የይለፍ ቃል የተጻፈበት ፋይል በወረቀት እንዲታተም ትእዛዝ ሰጠ፤ መሣሪያውም ያለ ማመንታት አተመለት። ሼር ከዚያ ወዲያ በሌሎች ስም እየገባ ሲሠራ ቈየ፤ ነገሩንም ራሱ የተናገረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በ1966 ደግሞ ያለ ማንም ክፋት የባሰ ነገር ሆነ። ሁለት የሥርዓቱ ሠራተኞች በአንድ ሰዓት ሁለት ፋይሎች ሲያርሙ ፋይሎቹ ተቀያየሩ። አንዱ ለተጠቃሚዎች ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» እንደማለት ያለው የዕለቱ ማስታወቂያ ነበር፤ ሁለተኛው የይለፍ ቃሎች መዝገብ ነበር። በዚያን ቀን ወደ ኮምፒዩተሩ የገባ ሰው ሁሉ በማስታወቂያው ፈንታ የባልደረቦቹን ምስጢር ዘርዝሮ አነበበ።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ጥፋቱ የዘበኛ ማነስ አልነበረም፤ ቃሎቹ እንዳሉ፣ ማንም ሊያነባቸው በሚችልበት ሁኔታ መቀመጣቸው ነበር።

የተወቀጠ ቡና

ተማሪዎች አዘውትረው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ኮምፒዩተሩ የይለፍ ቃሌ ትክክል መሆኑን ካወቀ፣ ቃሉ በውስጡ አለ ማለት ነው፤ ታዲያ ስረሳው አስተዳዳሪው ለምን አይነግረኝም?» ይላሉ። መልሱ የሚያስገርም ነው። በደንብ የተሠራ ኮምፒዩተር የባለቤቱን የይለፍ ቃል አያውቀውም።

ነገሩን በምናውቀው ነገር እንመስለው። ቡና ከተቈላ በኋላ በሙቀጫ ይወቀጣል። ፍሬን ወደ ዱቄት መለወጥ ቀላል ነው፤ ዱቄትን ወደ ፍሬ መመለስ ግን ለማንም አልተቻለም። አሁን ልዩ ጠባይ ያለው ሙቀጫ እናስብ። አንድ ዐይነት ፍሬ በገባበት ቍጥር ምንጊዜም አንድ ዐይነት ዱቄት ይወጣዋል፤ ከፍሬዎቹ አንዲት እንኳ ብትለወጥ ግን ዱቄቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በኮምፒዩተር ዘንድ ይህን የመሰለ ሒሳብ አለ፤ ሃሽ ይባላል። ማንኛውንም ቃል ተቀብሎ ወደ አንድ ረዥም ቍጥር ይለውጠዋል፤ ከቍጥሩ ተነሥቶ ወደ ቃሉ የሚመለስበት መንገድ ግን የለም።

እንግዲህ አዲስ የይለፍ ቃል ሲመረጥ ኮምፒዩተሩ ቃሉን ወቅጦ ዱቄቱን ብቻ በመዝገብ ያኖራል፤ ፍሬውን ይጥለዋል። ባለቤቱ በማግሥቱ መጥቶ ቃሉን ሲጽፍ፣ መሣሪያው አሁን የተጻፈውን እንደገና ይወቅጥና ዱቄቱን ከትናንቱ ዱቄት ጋር ያስተያያል። ከገጠመ ያስገባል፤ ካልገጠመ ይከለክላል። ቃሉ ሲረሳ አስተዳዳሪው ሊያደርግ የሚችለው በአሮጌው ፈንታ አዲስ መስጠት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ድርጅት «አሮጌው ቃልዎ ይህ ነበር» ብሎ ቃሉን እንዳለ ከላከልዎ፣ ምስጢርዎን በአግባቡ አለመያዙን በገዛ አፉ መሰከረ ማለት ነው።

ይህ ዘዴ በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በሮጀር ኒድሃም አሳብ ተጀመረ። ቀጥሎም በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ዩኒክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሠሩት ሰዎች አስፋፉት። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት የኮምፒዩተሩን ሥራ ሁሉ የሚያስተዳድረው ዋናው ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፣ በስልካችንም ውስጥ ያለው አንድሮይድ የዚህ ዐይነት ናቸው። ሊኑክስ ዱቄቱን የሚያኖርበት ፋይል «ሻዶው»፣ ማለት ጥላ ይባላል፤ ከአስተዳዳሪው በቀር ማንም አያነበውም።

ጨው የመጨመር ጥበብ

ሌባ ግን በዚህ አይሸነፍም። ዱቄቱን ወደ ፍሬ መመለስ ባይችልም፣ የገመተውን ፍሬ ሁሉ እየወቀጠ ከተሰረቀው ዱቄት ጋር ማስተያየት ይችላል። ሰዎች የሚመርጡት ቃል ለመገመት የቀለለ ከሆነ ድካሙ ጥቂት ነው። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን በ1979 ባሳተሙት ጥናት 3,289 የይለፍ ቃሎችን መርምረው ነበር። ከነዚህ ውስጥ 86 በመቶ ያህሉ እጅግ አጭር፣ ወይም በመዝገበ ቃላትና በስም ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ሆኖ ተገኘ። አንድ ፊደል ብቻ የመረጡ እንኳ 15 ነበሩ።

በዚህ ምክንያት ሁለት መከላከያ ተበጀ። የመጀመሪያው ሙቀጫውን ሆን ብሎ ማዝገም ነው። አንድ ጊዜ ለሚገባ ባለቤት የሰኮንድ ሩብ መዘግየት አይታወቀውም፤ ሚሊዮን ጊዜ ለሚሞክር ሌባ ግን ብዙ ቀን ይሆንበታል።

ሁለተኛው መከላከያ በእንግሊዝኛም ጭምር ስሙ «ጨው» ነው። ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ ዐይነት ቃል ቢመርጡ ዱቄታቸው አንድ ይሆናል፤ ሌባውም አንዱን ሲያገኝ ሁለቱን አገኘ። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ከመውቀጡ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው በዕጣ የወጣ የተለየ ቍጥር ከቃሉ ጋር ይቀላቅላል። ያን ጊዜ ቃሉ አንድ ቢሆንም ዱቄቱ ይለያያል። በቀድሞው ዩኒክስ ጨው 4,096 ዐይነት ነበረ፤ የዛሬው ዐይነቱ ተቈጥሮ አያልቅም። «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ተረት እዚህ ላይም ይሠራል ማለት ነው።

የቃሉን ርዝመት በተመለከተ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። ባለ 4 አኃዝ የምስጢር ቍጥር 10,000 ዐይነት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከ26ቱ የላቲን ትንንሽ ፊደላት በዕጣ የወጣ ባለ 8 ፊደል ቃል 208 ቢሊዮን ያህል ነው፤ ብዙ ይመስላል። ዳሩ ግን የተሰረቀ ዱቄት በእጁ ያለና በሰኮንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ መሞከር የሚችል መሣሪያ በአራት ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። ባለ 12 ፊደል ሲሆን ሦስት ዓመት ይፈጅበታል፤ ባለ 16 ፊደል ሲሆን ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ያልፋል። ስለዚህ ከአንድ አስቸጋሪ አጭር ቃል ይልቅ፣ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት አምስት ቃሎችን በአንድነት መጻፍ ይበልጣል፤ ለማስታወስም ይቀላል። የልጅ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ የስልክ ቍጥር መጨረሻ ግን ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ነገር ስለ ሆነ ምስጢር ሊባል አይገባውም።

ከገቡ በኋላስ?

ቃሉ ከገጠመ በኋላ የሚሆነውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለገባው ሰው አንድ ቍጥር ይሰጠዋል። በሊኑክስ ተራ ተጠቃሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ1000 ጀምሮ ይቈጠራሉ፤ 0 የተባለው ቍጥር የሁሉ አዛዥ የሆነው የአስተዳዳሪው ነው። ከዚህ ወዲያ ሰውየው የሚከፍተው ፕሮግራም ሁሉ ያንን ቍጥር ይይዛል፤ ያም ፕሮግራም ሌላ ፕሮግራም ቢያስነሣ ቍጥሩ ይተላለፍለታል። እኛ ስማችንን ከአባታችን ስም ጋር እንደምንጠራ፣ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠራ ነገር ሁሉ «የማን ነህ?» ሲባል የሚጠራው አባት አለው።

ማንኛውም ፋይል ሲከፈትም ይህ ቍጥር ይመረመራል። ፋይሉን ማን ሊያነበው፣ ማን ሊጽፍበት፣ ማንስ ሊያስነሣው እንደሚችል በፋይሉ ላይ ተመዝግቧል። እንግዲህ ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው «ማን ነህ?» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «ምን ተፈቅዶልሃል?» የሚለው ነው። ሁለቱን መቀላቀል ትልቅ ስሕተት ያመጣል።

ለዚህ በአገራችን የታየ ምሳሌ አለ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ከገንዘብ ማውጫ መሣሪያዎች ፊት ከተሰለፉት ውስጥ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ በኋላ እንደ ገለጸው ነገሩ ከውጭ የተሰነዘረ የመረብ ጥቃት ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ ከተደረገ ለውጥ የመጣ ነበር። ደንበኞቹ የገቡት በገዛ ካርዳቸውና በገዛ የምስጢር ቍጥራቸው ነው፤ «ማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ በትክክል ተመልሷል። የተበላሸው ሁለተኛው ጥያቄ ነበር። ስለዚህም ነው በማግሥቱ ገንዘቡን ማን እንደ ወሰደ ለማወቅ ያልተቸገሩት፤ እያንዳንዱ ስሙን ሰጥቶ ገብቷልና። ብዙዎቹም ገንዘቡን መልሰዋል።

ሦስቱ ማስረጃዎች

ሰው ማንነቱን ለመሣሪያ የሚያስረዳበት መንገድ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው የሚያውቀው ነገር ነው፤ የይለፍ ቃልና የምስጢር ቍጥር ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው የያዘው ነገር ነው፤ እንደ መታወቂያ ወረቀት፣ እንደ ባንክ ካርድ፣ ኮድ እንደሚላክበት ስልክ። ሦስተኛው የራሱ አካል ነው፤ እንደ ጣት አሻራ፣ እንደ ዓይን፣ እንደ ፊት። ሦስቱም እያንዳንዳቸው ጕድለት አላቸው። የሚያውቁት ይረሳል፤ የያዙት ይጠፋል፤ አካል ግን አንድ ጊዜ ምስሉ ከተሰረቀ ሊለወጥ አይችልም።

የያዙት ነገር ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የባንኮ ጎቲቲ አካባቢ ሕዝብ በመከራ ተምሮታል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በገደብ ወረዳ፣ በጎቲቲም ጭምር ተጠልለው ነበር። ከሚቃጠል ቤት በሌሊት የሚወጣ ሰው ልጁን ያነሣል እንጂ መታወቂያውን አይፈልግም። ስሙንና የአባቱን ስም ይናገራል፤ ነገር ግን የሚመሰክርለት ጎረቤት ወደ ሌላ አቅጣጫ ሸሽቷል። በሶንጎ ማስረጃ የማያሻው ሰው በአንድ ሌሊት ማንም የማያውቀው ሰው ሆነ። ማስረጃ ትርፍ ነገር የሚመስለው ጎረቤት እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ይህን ጕድለት በአካል ማስረጃ ሊሞላ የታሰበ ነው። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ተሰጥቶታል። የሚመዘገበው ሰው የአሥር ጣቶቹን አሻራ፣ የሁለቱን ዓይኖቹን ምስልና የፊቱን ፎቶግራፍ ይሰጥና ባለ 12 አኃዝ ቍጥር ይቀበላል። ወረቀቱ ቢቃጠልም ጣቱና ዓይኑ ከእርሱ ጋር ይሄዳሉ።

ይሁን እንጂ የአካል ማስረጃ እንደ ይለፍ ቃል ቍርጥ ያለ አይደለም። ቃል ወይ ይገጥማል ወይ አይገጥምም። አሻራ ግን ዛሬ የተነሣው ከትናንቱ ጋር ፍጹም አንድ ስለማይሆን መሣሪያው «ይበቃል» የሚልበት መጠን ተወስኖለታል። መጠኑ ከላላ ሌላውን ሰው ያስገባል፤ ከጠበቀ ባለቤቱን ይመልሳል። በመቈፈርና በመልቀም የኖረ እጅ ደግሞ የጣቱ መስመር ይደበዝዛል። ከአንድ ጣት ይልቅ አሥሩ፣ ከአሥሩም ጋር ዓይን የሚነሣው አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲያግዝ ነው። እንደዚሁም ባንኮች የምስጢር ቍጥር ላይ በስልክ የሚላክ ኮድ የሚጨምሩት፣ ሌባው አንዱን ቢሰርቅ ሁለተኛውን እንዳያገኝ ብለው ነው።

ሐሰተኛው በር

እስካሁን የተነጋገርነው መሣሪያው ሰውን ስለሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ሰውም መሣሪያውን «አንተስ ማን ነህ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ የኮምፒዩተሩን መግቢያ ገጽ አስመስሎ መሥራት አይከብደውም። ባልደረባው መጥቶ ስሙንና ቃሉን ይጽፋል፤ ሐሰተኛው ገጽ ቃሉን ያስቀርና «ተሳስተዋል፣ እንደገና ይሞክሩ» ብሎ ይጠፋል፤ እውነተኛው ገጽ ብቅ ይላል። ባለቤቱ በጣቱ የተሳሳተ መስሎት ሁለተኛ ጽፎ ይገባል፤ የተሰረቀ መሆኑን አያውቅም። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ዊንዶውስ ከመግቢያው በፊት ኮንትሮል፣ አልት፣ ዲሊት የተባሉትን ሦስት ቍልፎች በአንድነት እንድንጫን የሚያዘው ለዚህ ነው። ይህን ምልክት ተራ ፕሮግራም ሊጠልፈው አይችልም፤ በቀጥታ ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይደርሳል። ሦስቱ ቍልፎች ከተጫኑ በኋላ የሚመጣው ገጽ እውነተኛው ነው።

በስልክ ግን እንዲህ ያለ ቍልፍ የለም። «ከባንክ ነው የምደውለው፤ አሁን የተላከልዎትን ኮድ ይንገሩኝ» የሚል ትሑት ድምፅ ሐሰተኛ በር ነው። ኮዱ የተላከው ባለቤቱ ራሱ እንዲጽፈው እንጂ ለሌላ እንዲያነበው አይደለም። በቅርብ ዓመታት ፓስኪ የተባለ አዲስ ዘዴ እየተስፋፋ ነው፤ በዚህ ዘዴ ምስጢሩ ለድረ ገጹ ፈጽሞ አይላክም፤ ስልኩም እውነተኛውን ድረ ገጽ ከሐሰተኛው ለይቶ ካላወቀ አይመልስም። ማንም የማያውቀውን ቃል ማንም አታሎ ሊያስነግረው አይችልም። ኮርባቶ ራሱ በሽምግልናው ዘመን የይለፍ ቃል ብዛት ለሰው ቅዠት እንደ ሆነበት ለጋዜጣ ተናግሮ ነበር፤ በ2019 እስኪሞት ድረስ ግን ዓለም ከእርሱ ፈጠራ አልተላቀቀችም።

ቃሉን የሰጠ ስሙን ሰጠ

እንግዲህ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። የኮምፒዩተር ጥበብ በዚህ ሁሉ ድካም የሠራውን አጥር የምናፈርሰው እኛው ነን፤ የምናፈርሰውም በክፋት ሳይሆን በይሉኝታ ነው።

በአንድ ጽሕፈት ቤት አንድ ኮምፒዩተር አለ። በአንድ ስም ይከፈታል፤ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ በመሣሪያው ጐን ተለጥፏል። አምስት ሰዎች ይሠሩበታል። አንድ ቀን የአንድ ሰው ደመወዝ ወይም የአንድ ቦታ ስፋት በመዝገቡ ተለውጦ ይገኛል። ኮምፒዩተሩ ይጠየቃል፤ የሚያውቀውን አንዱን ስም ይናገራል። መሣሪያው አልዋሸም፤ ለእርሱ ቃሉን ያመጣ ሁሉ ያ ሰው ነው። በዚያን ሰዓት ምሳ ላይ የነበረው ባለስም ግን ንጹሕነቱን በምን ያስረዳል? አራቱ ባልደረቦቹስ ከጥርጣሬ በምን ይወጣሉ?

«ቃልህን ስጠኝና ይህችን ነገር ቶሎ ልጨርስ» የሚል የሥራ ባልደረባን እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ያሳፍራል፤ አለማመን ይመስላል። ዳሩ ግን ስለ ይለፍ ቃል የምናስበውን መለወጥ ይገባናል። ቃሉ ሌላውን ሰው የምንጠረጥርበት ቍልፍ ሳይሆን ፊርማችን ነው። ማንም ጨዋ ሰው ባልደረባውን «በባዶ ወረቀት ላይ ፈርምልኝ» አይለውም፤ ተብሎ የሚፈርምም የለም። መድኀኒቱም ገንዘብ አይጠይቅም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለአምስቱም ሰዎች የየራሳቸውን ስም መክፈት ይችላል፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ከመቀመጫ ሲነሡ ገጹን መዝጋትም የሁለት ቍልፍ ሥራ ነው።

ለተማሪዎች ደግሞ ሌላ አደራ አለ። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በቤታቸው ብቸኛው የተማረ ልጅ ናቸው። የቡና ወቅት ሲደርስ አባት ወይም እናት ስልካቸውን ይሰጡና «ልጄ፣ ገንዘቡ ገብቶ እንደ ሆነ እስቲ እይልኝ» ይላሉ፤ ቍጥሩንም አብረው ይነግራሉ። ለልጃቸው የነገሩት ቍጥር ቀስ በቀስ ለጎረቤት ልጅ፣ ለባለ ሱቁ፣ ለሚያስገባውና ለሚያወጣው ሁሉ ይነገራል። ጥሩ ልጅ ቍጥሩን በአደራ የሚይዝ ብቻ አይደለም፤ አደራው እንዳያስፈልግ የሚያደርግ ነው። አጠገባቸው ተቀምጦ የስልኩን ቍጥሮች በጣታቸው እንዲለምዱ ማድረግ፣ ምስጢሩን ራሳቸው እንዲመርጡ ፊቱን ማዞር፣ እስኪለምዱትም ደጋግሞ ማስሞከር ይችላል። ፊደል ያልቈጠረ ሰው የገበያ ሒሳብ በቃሉ ይይዛል፤ ስድስት አኃዝ አይበዛበትም።

አንድ ገበሬ ዓመት ሙሉ የደከመበትን ገንዘብ በገዛ ጣቱ ከፍቶ ሲያይ፣ መሣሪያው በሌላ ሰው ምስክርነት ሳይሆን በራሱ ዐወቀው ማለት ነው። ይህን ማድረግ ከትምህርት ቤት ለዕረፍት ወደ ቤቱ የሚመለስ ተማሪ በአንድ ማታ የሚጨርሰው ሥራ ነው።